ኦርሊና የጻፈችው የዴልማስ ስም

ይቺን ካርድ ተመልከቷት። ከመዳፍ አትበልጥም። ጠርዟ ቢጫ ሆኗል። በካውንቲው፣ ማለት በወረዳው፣ ጽሕፈት ቤት የብረት መሳቢያ ውስጥ አርባ አምስት ዓመት ተኝታለች። ከታች በኩል በሰማያዊ ቀለም «ዴልማስ ራስኒክ» ይላል። ጽሕፈቱን እዩት እስቲ። ፊደላቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሄዳሉ፣ የመጨረሻው ፊደል ጅራት ደግሞ እንጨት እንዳገኘ የአደንጓሬ ሐረግ ወደ ላይ ይጠቀለላል። ያየ ሁሉ «እንዴት ያለ ቆንጆ ፊርማ ነው!» ይላል።

ዴልማስ ራስኒክ ግን አልፈረመም። የፈረመችለት ሚስቱ ኦርሊና ናት። እሷ ከሞተች ደግሞ ሁለት ክረምት አልፏል።

ዴልማስ የካኒ ሸለቆ ሰው ነው። ትምህርት ቤት ስምንት ዓመት የኋላ ወንበር ላይ አስቀምጠውት ማንበብ ይችል እንደሆነ አንድም ሰው አልጠየቀም። በዐሥራ ሰባት ዓመቱ ከሰል ማዕድን ሲገባም ማንም አልጠየቀም። ማዕድኑ የሚፈልገው ትከሻ ነው እንጂ ፊደል ምን ያደርግለታል? አገሪቱ በሱ ከሰል አምፖሏን እያበራች ሠላሳ አራት ዓመት ስትኖር እሱ የከሰሉን አቧራ ሲምግ ኖረ። ዛሬ በስድሳ ዘጠኝ ዓመቱ የኦክስጅን ሲሊንደር እንደ ውሻ ከኋላው እየጎተተ ነው ከኩሽና ወደ በረንዳ የሚወጣው።

ወረቀት ሲሰጡት የደረት ኪሱን ዳበስ ዳበስ ያደርግና «መነጽሬን ቤት ረስቼው» ይላል። ሃምሳ ዓመት ሙሉ መነጽሩን ረሳ። መነጽር ኖሮት አያውቅም።

ይህን ምሥጢር የምታውቀው ኦርሊና ብቻ ነበረች። በተጋቡ በዓመቱ አንድ ቀን የመራጭነት መመዝገቢያ ካርድ ይዛ መጣች። የሰንበት ትምህርት አስተማሪ ነበረችና ለሸለቆው ሰው ሁሉ ካርድ ታድል ነበር። ዴልማስ ከሥራ ገብቶ፣ ፊቱ ገና ጥቁር እንደሆነ፣ የበቆሎ ዳቦውን በአደንጓሬ ወጥ እያጠቀሰ ይበላል።

«እዚህ ጋ ፈርም» አለችው።

«አንቺው ፈርሚልኝ።»

«ስም እኮ ነው ዴል። ላስተምርህ፤ አንድ እሑድ አይፈጅም።»

«ሥራው ረገብ ሲልልኝ።»

ሥራው መቼ ረገብ ይላል? ኦርሊና ትንሽ አየችው፣ እስክሪብቶውን አነሳች፣ ስሙን ጻፈችለት። እሱ ማየቱን አየ። ምን እንደሚመስል ግን ልብ አላለውም። ያን ጊዜ ለሱ ፊደል ሁሉ ዝንብ ነበር።

ከዚያ በኋላ በየምርጫው በአሮጌው ትምህርት ቤት አብረው ተሰልፈዋል። መዝገብ ላይ የሆነ ነገር ጭረት ጭረት አድርጎ ያልፋል፤ አስመራጮቹ የሚያውቁት የሸለቆው ሰዎች ናቸው፣ ማን ፊርማውን ያያል? ምርጫውንም ከመኪና ሳይወርዱ ታስጠናዋለች፤ «ከላይ ሁለተኛው፣ ገልብጠህ አራተኛው፣ ከታች አንደኛው።» አንድ ዓመት አራተኛውን ሦስተኛ አድርጎ ለሬሳ መርማሪነት የዕድሜ ልክ ጠላቱን መረጠው። ኦርሊና መንገዱን ሙሉ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀችበት።

«እንግዲህ ቀድመኸው እንዳትሞት» አለችው፣ «እጁ ላይ ትወድቃለህ!»

አሁን ያ ሳቅ ነው የናፈቀው። ደግነቷን፣ ምግቧን፣ ሁሉንም ይናፍቃል፤ ግን በአሮጌዋ ፒካፕ መኪና ውስጥ፣ ከምርጫ ሲመለሱ፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ በሱ ላይ የሳቀችው ሳቅ ሌላ ነው። እሱን የሚያመጣ ሲሊንደር የለም።

የሸለቆው ውሃ ማዕድኑ ከተዘጋ ወዲህ ብርቱካንማ ሆኗል። ቧንቧ ሲከፈት ዝገት ይተፋል፣ ነጭ ልብስ አጥቦ ነጭ ማውጣት ቀርቷል። ኦርሊና ስለዚህ ውሃ ለኮንግረስ አባሉ ዐሥራ አንድ ደብዳቤ ጽፋለች። ዐሥራ አንድ መልስ መጣላት። «ውድ ወይዘሮ ራስኒክ፣ ድምፅዎ ለእኔ ትልቅ ዋጋ አለው» ይላል ሁሉም። ከሥር ያለውን ፊርማ ዐሥራ አንዱን ደርድራችሁ ብታዩት በፀጉር ስንጥቅ አይለያይም። ማሽን ነው የሚፈርመው። ሰውዬው የኦርሊናን ስም ሰምቶም አያውቅም። ዐሥራ አንደኛው መልስ የደረሰው ከቀብሯ በኋላ ነው። ድምፅዋ ትልቅ ዋጋ እንዳለው ይነግራታል።

ከዓመት በኋላ ሰውዬው እንደገና ተመረጠና ቃለ መሐላው ከአፉ ሳይደርቅ አንድ ድርጅት ወፈር ያለ ደሞዝ ሲያሳየው ወንበሩን ጥሎ ሄደ። ሰባት መቶ ሺህ ሰው ዋሽንግተን ላይ ተናጋሪ አልባ ሆነ። አገረ ገዢው የማሟያ ምርጫ ይደረግ ብሎ ቀኑ እስኪደርስ ዘጠኝ ወር ፈጀ። ዘጠኝ ወር! ልጅ ተፀንሶ ይወለድበታል። ዴልማስ በዚያ መሐል አንድ ቀን ጎረቤቱን በርልን መኪና አስነሥቶ ወደ ኮንግረስ አባሉ የአካባቢ ቢሮ ሄዶ ነበር። አንዲት ወጣት በትሕትና ተቀበለችው።

«ጌታዬ፣ ወንበሩ ባዶ ስለሆነ ይህ ቢሮ በምንም ጉዳይ ላይ አቋም መያዝ አይችልም።»

«በውሃም?» አላት።

«በውሃም።»

«እኔም ወንበሬ ባዶ ሆኖ አቋም ቢጠፋኝ ደስ ባለኝ» አለ በርል፣ ወደ መኪናው ሲመለሱ። በርል ስቲድሃም ከዴልማስ ጋር ሠላሳ ዓመት አንድ ፈረቃ የሠራ፣ ምላሱ የማያርፍ ሰው ነው።

ዴልማስ በነዚያ ሁለት ክረምቶች ለማንም ያልነገረው ሥራ ነበረው። ከምድር ቤቱ መደርደሪያ ላይ ኦርሊና ያሸገቻቸው ጠርሙሶች ቀርተዋል፤ አንዳንዱ ላይ የሷ ጽሕፈት የተለጠፈበት። ሊበላቸው አልቻለም። ሲርበው ወርዶ ያያቸዋል፣ ተመልሶ ይወጣል። አንድ ቀን በዚያ ሲቆም አንድ ነገር ገባው። በጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ያውቃል። ስለዚህ ላዩ ላይ የተጻፈውንም ያውቃል ማለት ነው! ቲማቲሙ ላይ ቲማቲም ነው የሚለው። ሌላ ምን ሊል?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ምድር ቤት መውረድ ሆነ። የስሙን ቅርጽ ከጡረታ ደብዳቤው ላይ፣ በማሽን የተጻፈውን፣ አንድ በአንድ ይለቅማል፤ ከዚያ ያንኑ ፊደል በኦርሊና እጅ ጠርሙስ ላይ ይፈልገዋል። መነሻውን በእንግሊዝኛ «ዲል» ከሚለው የእንስላል ኪያር አገኘው። የአባቱን ስም መነሻ «ሩባርብ» ከሚሉት ጎምዛዛ ተክል። የመጨረሻውን፣ ባለ ጅራቱን፣ «ክራውት» ከሚለው ከኮመጠጠው ጥቅል ጎመን። በእንግሊዝኛ ዐሥራ ሦስት ፊደላት። አስተማሪዋ በሞተች በዓመቱ፣ ጨለማ ምድር ቤት ውስጥ፣ ከቃሪያና ከኪያር ላይ። በሕይወት ሳለች አንድ እሑድ የጠየቀችውን! ይህን ሲያስብ እርሳሱን ያስቀምጥና ደረጃው ላይ ቁጭ ይላል።

የምርጫው ቀን ሲቃረብ ካውንቲው አሮጌውን ትምህርት ቤት እንደማይከፍት አስታወቀ። ለአንዲት ወንበር ተብሎ ይህ ሁሉ ጣቢያ አይከፈትም ተባለ። መምረጥ የፈለገ በተራራው መንገድ ሠላሳ አራት ማይል ይንዳ። ከዚያ በኋላ በቴሌቪዥን ቀርበው «ሕዝቡ ለምርጫ ግድ የለውም» ይላሉ፣ ዓይናቸውን በጨው አጥበው!

ዴልማስ ለሕመምተኛ የሚፈቀደውን፣ በፖስታ የሚመለሰውን ድምፅ መስጫ አስላከ። አራት ስሞች ነበሩበት። ከአራቱ አንዷ፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ የኖረች ሴት፣ በመጋቢት እዚያው ካኒ ሸለቆ መጥታ በረንዳው ላይ ተቀምጣ የኦርሊናን ደብዳቤዎች ቅጂ ከአንድ እስከ ዐሥራ አንድ አንብባለች። ስሟን ራሱ ፈልጎ ራሱ አገኘው። ከላይ ስንተኛ ብሎ አልቆጠረም። አነበበው። ፖስታው ላይ ደግሞ በተሰመረለት ቦታ ስሙን ጻፈ። ፊደላቱ እንደ ሰካራም ተደጋገፉ። ግን ቆሙ።

«ኦርሊ» አለ ለባዶው ኩሽና፣ «አየሽኝ?»

ከምርጫው ማግስት ከካውንቲው ደብዳቤ መጣ። ግማሽ ቀን ፈጅቶበት አነበበው። ተሳስቼ ይሆናል ብሎ ደግሞ አነበበው። ደግሞም ሦስተኛ። ከዚያ በርልን ጠራው።

በርል አጭር ደብዳቤ መሆኑን አይቶ መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ አወረደና ጮክ ብሎ አነበበ። «በፖስታው ላይ ያለው ፊርማ በመዝገብ ካለው ፊርማዎ ጋር ስለማይመሳሰል ድምፅዎ አልተቆጠረም። እስከ ዓርብ ቢሮ እስኪዘጋ ድረስ ቀርበው ካላስተካከሉ ውድቅ ይሆናል።» ቀና አለ። «አንተ ሽማግሌ! የራስህን ስም አስመስለህ ፈረምክ? በስልሳ ዘጠኝ ዓመትህ ወንጀል ጀመርክ?»

ዴልማስ አልሳቀም። ምን እንደሆነ ገብቶታል። ማሽን የፈረመውን ዐሥራ አንድ ደብዳቤ አንድ ሰው አልመለሰውም። በእጁ የፈረመው የመጀመሪያ ፊርማው ግን ተመለሰ።

ዓርብ ጠዋት ሄዱ። የካውንቲው ጸሐፊ ትሬቫ መሊንስ ናት፤ ልጅ ሆና ኦርሊና ሰንበት ትምህርት ያስተማረቻት።

«ሚስተር ራስኒክ፣ የኔ ማር፣ ይቀመጡ። ይሄ አየር ይበቃዎታል?» ሲሊንደሩን በዓይኗ ለካችው። «ነገሩ ቀላል ነው። ፖስታው ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ ብለው ይምላሉ፣ አዲስ ካርድ ይፈርማሉ፣ ድምፅዎ ዛሬውኑ ይቆጠራል። አሮጌዋ ትሰረዛለች።»

ካርዷን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት።

ዴልማስ አየ። በሰማያዊ ቀለም ስሙ። አርባ አምስት ዓመት ስሙ ይህን ይመስል ኖሯል፣ እሱ ግን አንብቦት አያውቅም። አሁን አነበበው። ከመነሻው እስከ ጅራቱ፣ ከእንስላል ኪያሩ እስከ ጥቅል ጎመኑ፣ አንድም ፊደል አልጠፋውም። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። ፀጉሯን በመሐረብ አስራ ነበር። አውራ ጣቱን በፊርማው ላይ አሳለፈ፤ እስክሪብቶውን ተጫን አድርጋ ስለጻፈች ወረቀቱ ጎድጎድ ይላል። ጉድጓዱ ገና አለ።

«ከተሰረዘች በኋላ ምን ይሆናል?» አለ።

«ሣጥን ውስጥ ሁለት ዓመት ትቆያለች። ከዚያ ማሽኑ ይቆራርጣታል።»

«ለኔ ስጪኝ፣ ሚስ ትሬቫ።»

«አልችልም፣ የኔ ማር። የመንግሥት ወረቀት ናት።»

«ባልፈርምስ?»

«ካርዷ እንዳለች ትቀመጣለች። ድምፅዎ ግን ይወድቃል።»

ይኸው! እዩልኝ እንግዲህ። ይህን ሕግ የጻፉት ሰዎች ክፉ ላይሆኑ ይችላሉ፤ ይህን ሽማግሌ ግን አላሰቡትም። ወይ የኦርሊናን እጅ ያቆያል፣ ወይ ድምፁን ሰጥቶ የኦርሊናን ነገር ይናገራል። ሁለቱን አንድ ላይ አልፈቀዱለትም።

ትሬቫ ካርዷንና ፖስታውን ጎን ለጎን አድርጋ ትመለከት ጀመር። «የሚገርመው» አለች ቀስ ብላ፣ «ሌላው አይመሳሰልም፤ ይሄ የመጨረሻው ጅራት ግን... ይሄ አንድ ነው። ይሄን አውቀዋለሁ ልበል?»

የዴልማስ እጅ ወደ ደረት ኪሱ ሄደ። ዳበስ ዳበስ አደረገ። «መነጽሬን...» አለና አቆመ። ሲሊንደሩ ሽሽ ይላል። በርል ከጀርባው ቆሟል።

«የኔ አይደለም» አለ። «የኦርሊና ነው። እኔ መጻፍ አላውቅም ነበር። ማንበብም። አሁን ነው ያወቅኩት፣ ከጠርሙሶቿ ላይ።» በጉልበቶቹ መሐል ወደ መሬት እያየ ተናገረ። «ጥፋት ከሆነ የኔ ነው። እሷን እንዳትነኩብኝ።»

ትሬቫ ተነሥታ በሩን ዘጋችው። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። «ከሥሩ የራሷን ስም መጨመር ነበረባት፣ ይኼው ነው ጥፋቷ። አርባ አምስት ዓመት ሆነው እኮ! ማን ሊከሳት ነው? የት ሄዶ?»

ዴልማስ ወደ በርል ዞረ። ከሁሉ የፈራው እሱን ነበር። «ሰማኸኝ?»

«ጆሮ አለኝ።»

«አንተ ማዕድን ውስጥ የተለጠፈውን ሁሉ ጮክ ብለህ ታነብ ነበር። የጣሪያውን፣ የጋዙን ማስጠንቀቂያ። ሠላሳ ዓመት። በየቀኑ።»

በርል በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተ። «አፈ ሰፊ ስለሆንኩ ነው» አለ።

መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው።

ዴልማስ ካርዷን አነሣ። የማሽኑን ጥርስ አሰበ። ጎድጓዳውን ሰማያዊ መስመር ሲቆራርጠው አሰበ። ከዚያ ኦርሊናን አሰበ፤ አልጋ ላይ ሆና፣ ጀርባዋን በትራስ ደግፋ፣ ዐሥራ አንደኛውን ስትጽፍ። «ኦርሊ፣ ተይው፣ አይሰሙሽም» ሲላት «እነሱ አለመስማት ሥራቸው ነው፣ እኔ መጻፍ ሥራዬ» ያለችውን። ይህችን ካርድ አቅፎ ድምፁን ቢጥል፣ ከመቃብር ተነሥታ በጥፊ ታጮለው ነበር።

«አዲሷን አምጪያት» አለ።

ዐሥራ ሦስቱን ፊደላት እስኪጽፍ ስልኩ ሁለት ጊዜ ጮኾ ትሬቫ አላነሣችም። ከዚያ አሮጌዋ ላይ ማኅተሙን መታች። ድምፁ ዴልማስን እንደ ካስማ ደረቱ ላይ አገኘው። ፎቶ ኮፒ አንሥታ ሰጠችው፤ ማንም ጠይቆ መውሰድ ይችላል፣ ያ አይከለከልም። አጥፎ በደረት ኪሱ ከተተው፤ መነጽር ኖሮበት በማያውቀው ኪስ። ኮፒው ላይ አውራ ጣቱን ሲያሳልፍ ግን ወረቀቱ ለስላሳ ነው። ጉድጓድ የለውም።

ድምፁ ተቆጠረ። የአውቶቡስ ነጂዋ ተሸነፈች። ከዐሥር ሰው አንድ እንኳ አልመረጠም ነበር። ወንበሩን ያገኘው ሰው ካኒ ሸለቆ የት እንደሆነ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ዴልማስ ጠርሙሶቹ ዘንድ ተመለሰ። አራት ቀን ፈጅቶ ዐሥራ ሁለተኛውን ደብዳቤ ጻፈ። «ውሃው አሁንም ብርቱካንማ ነው። መጥተህ ጠጣ» ይላል፤ ሌላ የለውም። የፈራሚው ቦታ ላይ ሲደርስ እርሳሱን አነሣ። በትዳር በኖሩበት አርባ አራት ዓመት ስሙን በየቅጹ፣ በየደረሰኙ፣ በየልደት ካርዱ ጽፋለታለች። እሱ ግን የሷን ስም አንድ ቀን ጽፎላት አያውቅም። ክቡን መነሻ ፊደል «ኦንየን» ከሚለው የሽንኩርት ጠርሙስ ላይ አየ። «ኦርሊና ራስኒክ» ብሎ ፈረመ። ጅራቱን ወደ ላይ ጠቀለለው።

በሦስተኛው ሳምንት መልስ መጣ። «ውድ ወይዘሮ ኦርሊና ራስኒክ፣ ድምፅዎ ለእኔ ትልቅ ዋጋ አለው።» ከሥሩ የማሽን ፊርማ። ዴልማስ ጮክ ብሎ አነበበላት፤ ከዐሥራ አንዱ ጋር አኖረው። አሁን ዐሥራ ሦስተኛውን እየጻፈ ነው።

እናንተ ግን አንድ ነገር አድርጉልኝ። በቤታችሁ መነጽሩን ሁልጊዜ የሚረሳ ሰው ካለ፣ አባታችሁም ይሁን ባላችሁ፣ አትሳቁበት፣ አትቆጡት። ዛሬውኑ አጠገቡ ቁጭ በሉ። እርሳስ ስጡት። የራሱን ስም ቆይቶ ይማረዋል፤ በቅድሚያ የእናንተን ስም እንዲጽፍላችሁ ለምኑት፣ ዓይናችሁ እያየ።